በለንቃ ወንዝ የወረደችው በሽተኛ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንዲት በሽተኛ አጅቤ በጀልባ ወደ ሆስፒታል ወርጃለሁ። በሽተኛዋ እንደ እኔ ጤነኛ ነበረች፤ ሆስፒታል የሚባለውም ነገር አልነበረም። ወንዙና ጀልባው ግን እውነት ናቸው፤ ስለዚህ ከነሱ ልጀምር።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ከሆሳዕና፣ ሀቢቾ አጠገብ ወደምትኖረው አክስቴ አሚና ዘንድ ይልከኝ ነበር። እሱ «አየር ትቀይር» ይላል፤ እናቴ «ቤቱም አየር ያግኝ» ትላለች። ጥያቄ አበዛ ነበር። ከአክስቴ የእንሰት ጓሮ ቁልቁል ሲወረድ ለንቃ የሚባል ወንዝ አለ፤ በበጋ ዶሮ የምትሻገረው፣ ክረምት ሲገባ ግን ድንጋይ እያንከባለለ የሚያጓራ፣ መልኩም ወተት የበዛበት ሻይ የሚመስል።

የዚያ አገር ሰው ስለ ወንዝ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወንዝ ይሻገሩታል። በወንዝ መሄድ ማለት በአጥር ላይ እንደ መሄድ ነው፤ አጥሩ የት እንደሚያደርስ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ከሰፈሩ ይህን የማያምን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአባቴና የአሚና ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ጀሚል።

ጀሚል ኦሞን በጀልባ ለሚወርዱ ፈረንጆች ምግብ አብሳይ ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ብዙ ቦታ የተጣፈች ሰማያዊ የጎማ ጀልባ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሁለት ሄልሜትና ከሩቅ ዓይን የሚወጉ ሁለት ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ትተውለት ሄዱ። ሰው «ምን ያደርግልሃል?» ሲለው «ለንቃ ላይ ኬላ የለም» ይላል። እኔም ኬላ ማለት ምን እንደሆነ ጠይቄ፣ መልሱን ሰምቼ፣ ኬላ ስለሌለው ወንዝ ለብዙ ቀን አሰብኩ።

አንድ ቀን ዝናብ ሲይዘኝ ጓሮ ውስጥ እንሰት ቅጠል ስር ተጠለልኩ። አክስቴና ጀሚል ከቤቱ ጀርባ ቆመው ሲያወሩ ድምፃቸው በጠብታው መሃል እየተቆራረጠ ይደርሰኝ ነበር።

«ቀኑ ሐሙስ ነው» አለች አክስቴ።

«እስከ ሐሙስ አትቆይም። ካልመጣህ በእግሬ እወጣለሁ ብላለች።»

«በመንገድማ አይታሰብም።»

«ለዚህ አይደል ጓደኛዬን ጠናን ከዱራሜ ያስመጣሁት?»

«እንግዲያው የወንድማችንን ልጅም ውሰዷት። ብቻቸውን ወረዱ ከተባለ ነገ በየትኛው ፊቴ ገበያ እወጣለሁ?»

እኔ የገባኝ አንዲት ሴት ልትሞት መሆኗ ነበር። ከቅጠሉ ስር ወጥቼ «ማናት እስከ ሐሙስ የማትቆየው?» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። አክስቴ ውሸት ስትጀምር ሻሿን ታጠብቃለች፤ አጠበቀች። «ኢክራም ናት» አለች። «የላይ ሰፈሯ ኢክራም። በጣም ታማለች። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነገ በማለዳ አጎትሽ በወንዝ ሆስፒታል ያደርሳታል። አንቺ ደግሞ አስታማሚ ነሽ።»

አስታማሚ! ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ማዕረግ ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ገመድ ባንጠለጠለ ቆብ የሰጠኝን ጨምሮ፣ የዚያን ቀን ያህል አላኮራኝም።

አሁን የማውቀው እንዲህ ነው። ኢክራም ሐሙስ ልትዳር ነበር፤ ሁለት አይሱዙ ላለውና ዕድሜው የሁለቱ አይሱዙ ድምር ለሚሆን የጃጁራ እህል ነጋዴ። እሷ የመረጠችው ጀሚልን ነው። አባቷ ስለሞቱ ቃሉ የታላቅ ወንድሟ የረሺድ ነበር፤ ረሺድ ደግሞ ሆሳዕና መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ስለሆነ ከሀቢቾ የሚነሳ ጎማ ሳያውቀው አይዞርም። ጀሚል የሚባል ወጥ ሠሪ እህቱን እንደሚፈልግ ሰምቷል፤ መልኩን ግን አያውቅም። ለንቃን ተከትላ ታች ካለው የመኪና ድልድይ ከደረሰች የጠና ወንድም ፒክአፕ ይጠብቃታል፤ በዚያው ቀን ዱራሜ ላይ ኒካ ይታሰርላታል። ከድልድዩ በፊት ከተያዘች ሐሙስ አለ።

እኔ ግን በዚያ ማለዳ የማውቀው በሽተኛ እንዳለችኝ ብቻ ነው።

ኢክራም በእንሰቱ መሃል አንድ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። በሽታዋ ገና ከሩቅ ያስታውቃል፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት፣ የአስታማሚ ድምፅ አውጥቼ።

ወደ ጀሚል አየችና «ልቤን» አለች።

«ልብ ከሆነ ብዙ ማውራት የለብሽም።»

«እሺ» አለች አንገቷን ደፍታ።

አክስቴ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ የመጨረሻውን መመሪያ ሰጠችኝ። «በመሃላቸው ቁጭ በዪ። ንቅንቅ እንዳትዪ። ሰው ካገኛችሁ ስሟን እንዳትጠሪ፤ የበሽተኛ ስም መንገድ ላይ ከተጠራ ዓይን ይበላታል። ማን ናት ካሉሽ በሽተኛ ናት በዪ፣ በቃ።» ከዚያ ውሃው ዳር ቆማ ዱዓ አደረገችልን።

ጠና ከፊት፣ ጀሚል ከኋላ፣ እኔና በሽተኛዬ መሃል ሆነን ተነሳን። ጀልባው የተቃጠለ ጎማና የድሮ ዓሣ ይሸታል። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሆዴ ከእኔ ተለይቶ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ታጅቦ ተመለሰ። ዳሩ ሲሮጥ፣ እንሰቱ ሲሮጥ፣ አንዲት ላም አፏን ከፍታ ስታየን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ወንዝ መንገድ መሆኑ የገባኝ፤ ከሌላው የሚለየው መንገዱም አብሮህ መሄዱ ነው።

«ጠና፣ በግራ ቅዘፍ! በግራ አልኩህ!»

«ግራው የቱ ጋ ነው፣ ያንተ ነው የኔ?»

«የሁለታችንም ፊት ወደ አንድ ወገን ነው፣ ወንድሜ!»

ጠና የፈረንጆቹ ድንኳን ተካይ ነበር። ዋና ትችላለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አልችልም» አለኝ በኩራት። «የሚችሉት ናቸው ውሃ ውስጥ የሚገቡት።»

ጀሚል በሽተኛዋን አልረሳም። ውሃው በረድ ባለ ቁጥር በእኔ ትከሻ ላይ እጁን ዘርግቶ ትኩሳቷን ይለካል፤ ግንባሯን ሳይሆን ጉንጯን። እኔ ደግሞ «ግንባር ነው የሚለካው» ብዬ እጁን ወደ ላይ እመልስለታለሁ። ለዚህ አገልግሎቴ እስከ ዛሬ አላመሰገነኝም።

መታጠፊያው ላይ ጠና «ግንድ!» ብሎ ጮኸ። ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ባሕር ዛፍ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው መሻገሪያ። ጀሚል ወዲያው ጀልባውን ወደ ዳር ወስዶ አስወረደን። አሳዘነኝ፤ በስሩ ሽው እንላለን ብዬ ነበር።

«ለምን ጎንበስ ብለን አናልፍም?»

«ስሚ ሂክማ» አለኝ። «ግንድ ሁለት ዓይነት ነው። ይሄኛው ድልድይ ነው፤ የሚፈልገው ጭንቅላትሽን ብቻ ነው። ሌላው ወንፊት ነው፤ ቅርንጫፉ ውሃ ውስጥ የገባ። ውሃውን ያሳልፋል፣ አንቺን ያስቀራል። ሁለቱንም ስታዪ ወርዶ መሸከም ነው። ወንዝ ላይ ጀግና የሚባለው በጊዜ ወርዶ የሚሸከም ነው።»

መቅዘፊያዎቹን በጀልባው ስር አሳልፈው፣ ላዩን በሸራ ሸፍነው ወደ ትከሻቸው አወጡት። እኔና ኢክራም ፌስታሉን ይዘን ተከተልን። አሥር እርምጃ ሳንሄድ አንድ ገበሬ መቆፈሪያውን ጥሎ እየሮጠ መጣና ከጠና ትከሻ ስር ገባ። ከኋላው ሌላ። ከማዶም ሁለት ሰዎች በግንዱ ላይ እየተሻገሩ ነበር።

በኛ አገር ሁለት ሰው በትከሻው ረጅም ነገር ከያዘና ከሸፈነው ቃሬዛ ነው፤ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቃሬዛ ያየ ሰው ደግሞ አያልፍም። ሥራ ይተዋል፣ ጠብ ይተዋል፣ ትከሻውን ሰጥቶ አቅሙ እስከፈቀደ ያደርሳል። ማን እንደሆነ የሚጠየቀው ከተሸከሙ በኋላ ነው።

«ማን ነው?» አለ ገበሬው እያለከለከ።

«ጀልባ ነው» አለ ጠና፣ መዋሸት የማያውቀው።

«አላህ ያሽረው» አለ ገበሬው። «ወጣት ነው?»

ኢክራም አፏን በሻሿ ይዛ አጎነበሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል። ጀርባዋን እያሻሸሁ «ያልፋል፣ ያልፋል» አልኳት። ባሰባት።

ከግንዱ በታች ጀልባውን ውሃ ላይ ስናደርገው ሰዎቹ በሽተኛ የሌለበትን ቃሬዛ አዩ። ከዚያ ገበሬው የጠናን ብርቱካንማ ሰደርያ ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ ለጓደኞቹ «የጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው፤ ልምምድ ነው» አላቸው። ሁሉም ተስማሙ። የመንግሥት ሥራ ከሆነ ባዶ ቃሬዛ መሸከም የሚገርም ነገር አልነበረም።

ወንፊቱን ግን ቀድመን አላየነውም። ገደሉ በሚጠብበት ቦታ ውሃው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ታጠፈ፤ እኛም አብረን ታጠፍን። ፊታችን አንድ ትልቅ ዋንዛ ከነሥሩ ተገንድሶ ተኝቷል። ቅርንጫፎቹ ውሃውን እያበጠሩ ያፏጫሉ። ጀሚል «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይላል፤ ጠና መቅዘፊያውን አቅፎ መዝሙር ጀምሯል። ጀልባው በጎኑ ዞሮ ግንዱ ላይ ተለጠፈ፣ አንድ ወገኑ ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ፣ ቡናማው ውሃ እስከ ወገቤ መጣ። ከስሬ አንድ ነገር እግሬን ሲስበኝ ትዝ ይለኛል። እጅ መስሎኝ ነበር።

በሽተኛዋ ተነሳች። አንድ ቅርንጫፍ ጨብጣ፣ እኔን በአንገትጌዬ እንደ ድመት ግልገል አንጠልጥላ ግንዱ ላይ አወጣችኝ፤ ከዚያ የጀልባውን ገመድ ከጠና እጅ ነጥቃ ዳር ላይ ዘለለችና ተረከዟን ጭቃው ውስጥ ተክላ ጎተተች። ጀሚል ከውሃው እየገፋ፣ እሷ ከዳር እየሳበች ጀልባው ተላቀቀ።

እኔ ግንዱ ላይ ተቀምጬ በንዴት እንባዬ መጣ። «ልብሽ!» ብዬ ጮህኩባት። «ገመድ ትጎትቺያለሽ እንዴ በታመመ ልብ?»

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ከላይ ከዳገቱ የሰዎች ጥሪ ተሰማ። ጠና ቀና ብሎ አየና መዝሙሩ አለቀበት።

«ወንድሞቿ ናቸው» አለ።

ለእኔ ደስ የሚል ዜና ነበር፤ ወንድም ሲመጣ በሽተኛ ይበረታል። የጀሚል ፊት ለምን አመድ እንደመሰለ አልገባኝም። «ተኚ» አላት። «ኢክራም፣ ተኚ!» ጀልባው ውስጥ ተኛች፤ ሸራውን ከነራሷ አለበሷት፤ ወደ ትከሻ አወጧት። እንደ ሬሳ ጸጥ ስትል ሳይ ገመዱ ልቧን እንደጨረሰው እርግጠኛ ሆንኩ። ያለቀስኩት ለቅሶ የእውነት ለቅሶ ነበር። ጀሚል በኋላ እንደነገረኝ ሁሉንም ያዳነው እሱ ነው፤ እንደዚያ የሚያለቅስ ልጅ ያለበትን ቃሬዛ ገልጦ የሚያይ ሰው አልተፈጠረም።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የቀኝ እግሩን የሚያነክስ፣ ድምፁ ከወንዙ የሚበልጥ ሰው ነው። ከኋላው ሦስት ጎረምሶች ዱላ ይዘዋል። ቃሬዛውን እንዳየ ዱላውን ወረወረ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ያዙ እንጂ! አንተ ከኋላ፣ አንተ በግራ፣ አንተ ጠብቅ፤ ተራህ ሲደርስ ትገባለህ! ግፊያ የለም!» ራሱ በራስጌ በኩል ገባ፣ ከጀሚል ጎን። «ማን ናት?»

«በሽተኛ ናት» አልኩ ቀድሜ፣ በእንባ። «ስሟ አይጠራም።»

«ልክ ነው፣ አይጠራም» አለ ሰውየው። ወደ ጀሚል ዞሮ «እናንተ የጤና ሰዎች ናችሁ? በመንገድ አምጥታችኋት ቢሆን እኮ ሚኒባስ አስወርጄ እጭንላችሁ ነበር። ረሺድ ብላችሁ መናኸሪያ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል።»

ጀሚል ሄልሜቱን ወደ ቅንድቡ ዝቅ አደረገ።

በቋጥኙና በወንዙ መሃል ባለችው ጠባብ መንገድ ሄድን። ለንቃ ከዚያ በታች በየቦታው ግንድ ስለበዛበት ወደ ውሃው የሚያስመልስ ነገር አልነበረም። ረሺድ እያነከሰ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ እኔን ሊያጽናና ወሬ ጀመረልኝ።

«አይዞሽ። እኛም የጠፋብን ነገር አለ።»

«ምን ጠፋባችሁ?»

ትንሽ አሰበ። «ጊደር።»

«ምን ዓይነት ጊደር?»

«ቀይ።»

«ተዋጊ ናት?»

«ኧረ እሷስ!» አለ፤ የሚስቅ መሰለኝ። «አመለኛ ናት። ግን ጥሩ ቦታ ነበር ያገኘሁላት። ሳር የሞላበት።»

«ሳሩን ትወዳለች ወይ ብለህ ጠይቀሃታል?»

ትከሻውን ከመቅዘፊያው ስር አስተካከለ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ጊደር ነው፤ ጊደር እንደማይጠየቅም አውቃለሁ፤ ጥያቄ አበዛ ነበር አላልኩም?

ከዚያ እርጥብ ድንጋይ ላይ የታመመ እግሩ ከዳው። በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ ግን ትከሻውን ከመቅዘፊያው ስር አላወጣም፤ ቃሬዛው እንዳያዘነብል ሙሉውን ክብደት ይዞ እዚያው ተንበረከከ። ከጥርሱ መሃል ማቃሰት ወጣ።

ከሸራው ውስጥ አንድ ድምፅ «ረሺዴ፣ ጉልበትህን!» አለ።

ወንዙ ያጓራል፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። የሰማነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጀሚልና እሱ። ጀሚል ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በደስታ «በሕይወት አለች!» ብዬ ልጮህ ስል ረሺድ አየኝ፤ አፌን በእጄ ያዝኩ። እንደተንበረከከ ሸራውን ያይ ነበር። አንድ እጁን ዘርግቶ ጫፉን ያዘ። የሚገልጠው መሰለኝ።

ጫፉን ሳበው፤ የኢክራም ጫማ ወጥቶ ይታይ ነበርና ሸፈነው።

«ልቀይርህ ወይ?» አለ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ። «ተራዬ ነው።»

«ተራ የለም!» አለ ረሺድ እየተነሳ። «ማንም ወደዚህ አይጠጋ። እኔ አደርሳታለሁ።»

ያኔ የእግሩ ሕመም እልህ ያስያዘው መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት የኢክራም ትልቋ ልጅ ስትዳር ጎኑ ተቀምጬ «ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። ጥያቄዬ እንደ ልጅነቴ ሳያስከፋው አልቀረም። «ቃሬዛ ተሸክሞ መሃል መንገድ ላይ የሚጥል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ድልድዩ ላይ ፒክአፑ ቆሞ ነበር። ረሺድ ወንድሞቹን «ሴት በሽተኛ ናት፤ ፊታችሁን አዙሩ!» ብሎ አዞራቸው። ከዚያ ብቻውን ከነሸራዋ አቅፎ ከኋላው ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ወዲያው ግን አልለቀቃትም። ከሸራው አንድ እጅ ወጥቶ ኮቱን ጨብጦ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

ወደ ጀሚል ዞረ። «ጀሚል ማለት አንተ ነህ?»

አጎቴ ሄልሜቱን አወለቀ። «እኔ ነኝ።»

«ነገ ሽማግሌ ላክ። ከነገ ወዲያ አይደለም፤ ነገ።»

ስሙን ከየት አወቀው ብዬ ተደነቅሁ። የወጡ ዝና ደርሶት ይሆናል አልኩ። ሽማግሌ የሚላከውም ለበሽተኛዋ ዱዓ ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

መኪናው ሲነሳ በኋላ መስታወት አየሁት። ጎረምሶቹ ከበውት ይጠይቁታል። እሱ እጁን አንስቶ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ፣ እኛ ወደመጣንበት ጠቆመ፤ ዱላቸውን አንስተው መውጣት ጀመሩ፤ እሱም እያነከሰ ተከተላቸው። ጊደራቸውን በዚያ ጭቃ እንዴት ሊያገኟት ነው ብዬ አንጀቴን በሉት። መዳፎቼን ከፍቼ ጮክ ብዬ ዱዓ አደረግሁላቸው።

«አላህ የጠፋችባቸውን ያገናኛቸው።»

በሽተኛዬ ከሸራው ውስጥ ብቅ አለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ትስቃለች።

«አሚን» አለች። «ዛሬ ግን አይሁን።»